ከሲፓነል ወይስ ከጥቁሩ ስክሪን? ሰርቨር ልትጀምሪ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በስልክ ተቻኩዬ ከምመልስልሽ ብዬ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ያልሽው ይህን ነው፦ ወርድፕረስ ላይ ዌብሳይት መሥራት ችለሻል። ደንበኞችሽ «ሆስቲንጉንም አንቺው ያዢልን» ማለት ጀምረዋል፤ ሳይቱ ተቀምጦ ለሰው የሚታይበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ማለታቸው ነው። ሰርቨር ግን ነክተሽ አታውቂም። ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ነው፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለሽም። ከሲፓነል (ሰርቨርን በብሮውዘር፣ በመጫን ብቻ ከሚያስተዳድሩበት ፓነል) ልጀምር ወይስ ከሊኑክስ ትዕዛዝ (ጥቁሩ ስክሪን ላይ በጽሑፍ ከሚሰጠው)?

ከትዕዛዙ ጀምሪ። ካርዱ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አያስፈልግሽም።

ሲፓነልን ጠልቼ አይደለም። ብዙ ደንበኛ ለያዘ ሰው ጊዜ ይቆጥባል። ግን የሚሠራው ሥራ፣ አንቺ በእጅሽ ልትጽፊው የምትችይውን ፋይል በአንቺ ፋንታ መጻፍ ነው። አንድ ቀን ዲስኩ ይሞላና ፓነሉ ራሱ አልከፈት ይላል። ያኔ የሚቀርሽ ጥቁሩ ስክሪን ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ትዕዛዝ ልማር ብትይ መሽቷል። ነፃም አይደለም። ከ2019 ጀምሮ ክፍያው የሚሰላው በያዝሽው አካውንት ብዛት ስለሆነ ደንበኛ ሲጨምር ወጪውም ይጨምራል።

አሁን ላፕቶፕሽ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጫኚ፤ በኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። በውስጡ ኡቡንቱ ሰርቨር ወይም ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ አስገቢ፤ መስኮትና አይከን የሌለውን፣ ባዶውን። 1 ጊጋ ተኩል ራም ብትሰጪው ይበቃዋል፣ ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ ካልከፈትሽ። ኡቡንቱን ከመረጥሽ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ እትም) የሚለውን ያዢ። በየ2 ዓመቱ ነው የሚወጣው፤ ለ5 ዓመት የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል።

ዶሜይን ሳትገዢም ትለማመጃለሽ። ኮምፒውተርሽ ውስጥ «ሆስትስ» የሚባል ፋይል አለ። የቨርቹዋል ማሽንሽን አይፒ (የኔትወርክ ቁጥሩን) እና የፈለግሽውን ስም እዚያ ላይ ጻፊ። ያ ስም፣ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ፣ ወደ ሰርቨርሽ ይወስድሻል። ሦስት ስም ፈጥረሽ በአንዱ ሰርቨር ላይ ሦስት ዌብሳይት አቁሚ። ሆስቲንግ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ አንድ ማሽን፣ ብዙ ስም፣ ለእያንዳንዱ ስም የራሱ ፎልደር። ብሮውዘሩ የሚፈልገውን ስም ይዞ ይመጣል፤ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ስሙን አይቶ ወደ ትክክለኛው ፎልደር ይመራዋል። ኤንጂንኤክስን፣ ፒኤችፒን (ወርድፕረስ የተጻፈበትን ቋንቋ)፣ ማሪያዲቢን (ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ) አንድ በአንድ በእጅሽ ጫኚ። ሁሉንም ባንዴ የሚጭነውን ስክሪፕት ለጊዜው ተይው።

ሲቆምልሽ ስናፕሾት (ማሽኑን እንዳለ መመለሻ ቅጂ) ውሰጂና አበላሺው። ከልቤ ነው የምልሽ። የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀይሪ። ፒኤችፒን አጥፊ። የፎልደሩን ፈቃድ ንሺ። ከኮንፊግ ፋይሉ ላይ አንድ ሴሚኮለን ሰርዢ። በየጊዜው ብሮውዘሩ ያለውን እና ሎጉ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ያለውን ጎን ለጎን ደብተር ላይ ጻፊ። የስህተት ቁጥሩ 502 ካለሽ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ያለው ፒኤችፒ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። 403 ካለሽ ብዙውን ጊዜ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ይህን ከቪዲዮ ብትሰሚው ይረሳሻል፤ ራስሽ አበላሽተሽ ካየሽው ግን አይረሳሽም።

እኔ ሎግ ማንበብ የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። የአንድ ንግድ ቤት ዌብሳይት በእጄ ነበር። አንድ ጠዋት «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ከሚል ጽሑፍ ሌላ ምንም አያሳይም። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ። አልሆነም። ደገምኩት። ፓስወርድ ቀየርኩ። ባለቤቱ በየ10 ደቂቃው ይደውላል። ወርድፕረሱን እንደ አዲስ ልጭን ስል ነው ሎጉን መክፈት ትዝ ያለኝ። ዲስኩ ላይ ቦታ እንደሌለ በግልጽ ተጽፏል። በየሌሊቱ የማስቀምጠው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያው ሰርቨር ላይ ተከምሮ ዲስኩን 100 ከመቶ ሞልቶታል። የቆዩትን ወደ ሌላ ቦታ አውጥቼ ዳታቤዙን ሳስነሳው ወዲያው ተነሳ። ዛሬ ማንም «ሳይቴ ቆመ» ሲለኝ መጀመሪያ የማያቸው ሦስት ናቸው፦ በ«ዲኤፍ» ዲስኩን፣ በ«ፍሪ» ራሙን፣ በ«ቴይል» የሎጉን መጨረሻ።

ባክአፕን ካነሳሁ አይቀር ልቆይበት፤ ሰው ሆስቲንግ ጀምሮ ደንበኛ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ባክአፕ መውሰድ ግማሹ ሥራ ነው። መልሰሽ አስነስተሽ ካላየሽው ምን እንደያዝሽ አታውቂም። አንድ ጊዜ ዌብሳይት ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ አዛወርኩ። ሁሉም ነገር ተከፈተ፤ ምስሉ አለ፣ ሜኑው አለ። የአማርኛው ጽሑፍ ግን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። መንስኤው የዳታቤዙ የፊደል አያያዝ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚይዘው አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪዩኤል የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ ከ8ኛው እትም በፊት፣ ምንም ካልነገርሽው፣ ላቲን-1 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደል አያያዝ ነበር የሚጠቀመው። ላቲን-1 ውስጥ «ሀ»ም የለ፣ «ለ»ም የለ። ፊደሉ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ መመለሻ የለውም። እኔን ያዳነኝ አሮጌውን ሰርቨር ገና አለመዝጋቴ ነው። ዳታቤዝ ስትፈጥሪ፣ ስታወጪ፣ ስታስገቢ የፊደል አያያዙ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» (የማይኤስኪዩኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) መሆኑን በሦስቱም ቦታ አረጋግጪ። የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ይህን ብዙም አያነሱትም፤ እነሱ ላይ አይደርስማ።

ሌላም እነሱ ላይ የማይደርስ አለ፦ ሰዓት። አንድ ደንበኛ «ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሁን» አለኝ። ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ 8 ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚሄደው። በዩቲሲ 8 ሰዓት እኛ ዘንድ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ገበያው የሚደራበት ሰዓት። ሳይቱ በየቀኑ ረፋድ ላይ ለምን እንደሚንቀረፈፍ ሳይገባኝ ሳምንት አለፈ። መጻፍ የነበረብኝ 23 ነው። ሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጅ 2 ነው፤ ዩቲሲ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። እዚህ ላይ ሁለቴ አስቢ፣ ደብተርሽም ላይ ሦስቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፊ።

የኔትወርክ መቆራረጥ አለና «ቲመክስ»ን ከመጀመሪያው ሳምንት ልመጂ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያው) ገብተሽ ዝመና እየጫንሽ መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። ቲመክስ ውስጥ ከጀመርሽው ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ኔት ሲመለስ ተመልሰሽ ካቆምሽበት ትገቢያለሽ። መብራት ሲጠፋም ትምህርት አድርጊው። ላፕቶፑ ድንገት ከጠፋ በኋላ ቨርቹዋል ማሽኑን አስነሺና እጅሽን ሳታስገቢ ሦስቱም ሳይቶች ይከፈቱ እንደሆነ እዪ። ካልተከፈቱ «ኢኔብል» ያላደረግሽው (ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ያላዘዝሽው) ሰርቪስ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በቀን 1 ሰዓት ብትይዥው፣ እንደ እኔ ግምት፣ 3 ወር ገደማ ይፈጅብሻል። ከዚያ ትንሿን ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ተከራዪ። ብዙዎቻችን ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው የምንከፍለው። ምንም ነውር የለውም፤ አካውንቱ ግን በአንቺ ኢሜይል ይከፈት፣ የክፍያ ማስታወሻውም ለአንቺ ይምጣ። ካርዱ ጊዜው አልፎ ማንም ሳያውቅ ሰርቨሩ ሲዘጋ አይቻለሁ።

በተከራየሽበት ዕለት የመግቢያ ሎጉን ክፈቺ። የማታውቂያቸው አይፒዎች «ሩት» (የሰርቨሩ ዋና ተጠቃሚ) እያሉ ፓስወርድ ሲሞክሩ ታያለሽ። አንቺን ፈልገው አይደለም፤ ማንኛውንም ክፍት ሰርቨር የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ናቸው። በቁልፍ ፋይል ብቻ መግባት አስለምጂውና የፓስወርድ መግቢያውን ዝጊ። ስትዘጊ ግን የገባሽበትን መስኮት አትዝጊው፤ በሌላ መስኮት ግቢና መሥራቱን አረጋግጪ። ፋየርዎሉንም (ያልፈቀድሽውን መግቢያ የሚዘጋውን) ከማብራትሽ በፊት ፖርት 22ን (የኤስኤስኤችን በር) ፍቀጂ፣ ከዚያ 80ን እና 443ን (የዌብሳይቱን)። 3306ን (የዳታቤዙን ፖርት) ለውጭ አትክፈቺ፤ ዳታቤዙን የሚፈልገው እዚያው ሰርቨር ላይ ያለው ፒኤችፒ ነው። ኤስኤስኤሉ (የዌብሳይቱ የምስጠራ ሰርተፍኬት) ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይገኛል፣ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ግን ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ራሱ እንዲያድስልሽ አድርጊና ማደሱን በሙከራ አረጋግጪ።

ኢሜይል ሰርቨር ደንበኛ ቢለምንሽም አሁን አትግቢበት። ብዙ አከራዮች ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚላክበትን) ይዘጉታል፤ ቢከፍቱልሽም መልእክትሽ ስፓም ውስጥ እንዳይገባ መታገሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለኢሜይል ሌላ አገልግሎት ተጠቀሚ፣ አንቺ ዲኤንኤሱን (የዶሜይኑ ስም ወዴት እንደሚመራ የሚወስነውን ምዝገባ) ብቻ አስተካክዪ።

የደንበኛ ብር መቼ ልቀበል ላልሽው፦ ወርድፕረስሽን ከነአማርኛ ጽሑፉ፣ ከባክአፕ ብቻ፣ ባዶ ማሽን ላይ ያለማንም እርዳታ ባስነሳሽ ማግስት። ስታስነሺ ሰዓት ያዢ። የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ቀን ቢወስድብሽ አትደንግጪ፤ ደግመሽ ሞክሪው። ደንበኛሽ «ቢበላሽ በስንት ሰዓት ትመልሺልኛለሽ?» ሲልሽ የምትነግሪው ያንን የለካሽውን ሰዓት ነው።

ቨርቹዋልቦክሱ ላይ ወይም ሳይቱን ስታቆሚ ከተያዝሽ እዚሁ ጠይቂኝ። ስክሪኑን ፎቶ አንስተሽ ሳይሆን የሎጉን የመጨረሻ 20 መስመር በጽሑፍ ለጥፊው፤ ፓስወርድ ካለበት አጥፊውና።