የሕግ ምክር፦ «አስፋልት ይመጣል» በተባለ ሰፈር ቤት ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ቤት ልገዛ አስቤ ለእረፍት መጥቻለሁ። ሁለት ቤት አይቻለሁ። አንዱ ኮምቦልቻ ዳር ላይ ነው። አካባቢው እስከ ቅርብ ጊዜ እርሻ ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ አዲስ ቤት ይቆምበታል። ደላላው ‹አስፋልት ይመጣል፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል› ይለኛል። ካርታው ‹በሂደት ላይ ነው› ተብያለሁ፤ መብራት ግን ገብቷል። ሌላው ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ያለ የድሮ ቤት ነው። ካርታው በሟች አባታቸው ስም ነው፤ ልጆቹ ‹ተስማምተናል› ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ፎቅ እየተሠራ ነው። እኔ ከወር በኋላ እመለሳለሁ። ወንድሜ ‹በእኔ ስም ልግዛውና በኋላ አዛውርልሻለሁ› ብሎኛል። ደላላው ለቅዳሜ ቀብድ አምጪ እያለ ነው። የትኛው ሰፈር ይሻለኛል?»

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቤት አይተሽ ከመክፈልሽ በፊት መጠየቅሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ከፍሎ ነው የሚመጣው።

ሰፈር ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው ማዘጋጃ ቤት ያለው ፕላን ላይ ነው። መንገድ ላይ ለዓይን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ እዪው፤ አንዴ በወረቀት፣ አንዴ በእግርሽ።

ከኮምቦልቻው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚያ ነው።

አገራችን ውስጥ መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህን በግልጽ ከልክሏል። አንቺ የምትገዢው ቤቱን ነው፤ አብሮ የሚተላለፍልሽ በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ሻጩ ራሱ ምን መብት አለው ብለሽ ጠይቂ። ከተማ ዳር ያለ የእርሻ ቦታ በገበሬው እጅ ያለው በገጠር መሬት ደብተር ነው። ገበሬው ሊያወርሰው ወይም ሊያከራየው ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም። ቆራርጦ ሸጦት፣ ገዢው በሌሊት ቆርቆሮ ከመታበት ያው የምናውቀው የጨረቃ ቤት ነው። ሦስት እጅ ቢቀያየር፣ ሳሎኑ ሴራሚክ ቢነጠፍበት መነሻው አይለወጥም። የመሬት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው። አስተዳደሩ ይፍረስ ያለ ቀን ካሳ የሚባል ነገር የለም።

መብራት ገባ፣ ውሃ ገባ፣ ግብር ተከፈለ የሚባለው ነገር አያታልልሽ። እነዚህ የባለቤትነት ማስረጃ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት ባለቤት ነው ተብሎ የሚገመተው አስተዳደሩ የሰጠው የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ማለትም ካርታ በእጁ ያለ ሰው ነው። ይህም ግምት ራሱ ሊፈርስ ይችላል፤ ካርታው ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ደንብ ተጥሶ ከተሰጠ አንቀጽ 1196 በሩን ክፍት ትቶታል። ካርታ እያለም ክርክር አለ፤ ሳይኖርማ ምን ይባላል!

«በሂደት ላይ ነው» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ሂደቱ እውነት ከሆነ ሻጩ በራሱ ስም ይጨርስና ያኔ ይሽጥልሽ። «ያኔ ዋጋው ይጨምራል» ይልሻል። ይጨምር። ልዩነቱ የካርታው ዋጋ ነው፤ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ አስፋልቱ እንምጣ። ደላላው አስፋልት ይመጣል ሲልሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ በየት በኩል? በቤቱ ፊት ነው ወይስ በቤቱ ላይ? እየቀለድኩ አይደለም። ሰፈሩን የሚያስወድደው መንገድ አንዳንዱን ቤት ይዞት ይሄዳል። የኮሪደር ልማቱ ደሴም ኮምቦልቻም ከገባ ወዲህ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መልሱ ያለው ማዘጋጃ ቤት፣ ፕላን ክፍል ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያስገድዳል። መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ የዋና ዋና መንገዶች መስመር አለ፤ ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለውም ይታያል። የካርታውን ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ይህ ቦታ በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ነው የተመደበው? አጠገቡ ያለው መንገድ በፕላኑ ስንት ሜትር ነው? መንገዱ አሁን ስድስት ሜትር ሆኖ በፕላኑ ሃያ ከሆነ አሥራ አራቱ ከማን አጥር እንደሚወሰድ አስቢ። ፕላኑ መቼ ጸደቀ የሚለውንም አትርሺ። መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፤ ዕድሜው ሊያልቅ ከሆነ ዛሬ መኖሪያ የተባለው ነገ ሌላ ሊባል ይችላል። በቃል የነገሩሽን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ሻጩን አስጠይቂው። እሱ ባለመብት ስለሆነ ማመልከት ይችላል። «አልጠይቅም» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል።

ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ካሳ አለው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው የሚገዛው፤ በ2016 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል። ነገር ግን ካሳው ምን እንደሚያካትት በደንብ ስሚኝ። ለቤቱ የሚተመነው ዛሬ ቢሠራ የሚፈጀው ወጪ ነው። ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል። ለመሬቱ ግን ዋጋ አይተመንም። አንቺ ደግሞ የከፈልሽው በአብዛኛው ለመሬቱ ነው፤ ለቦታው፣ ለመንገዱ፣ «እጥፍ ይሆናል» ለተባለው ተስፋ። ቤቱ ጭቃ ሆኖ ዋጋው የፎቅ ከሆነ ልዩነቱን ማንም አይመልስልሽም። በሚለወጥ ሰፈር ውስጥ ዋናው የገንዘብ አደጋ ይኼ ነው፤ ደላላ ሲያነሳው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ለፋብሪካ ሠራተኛ አከራየዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካለሽም ረጋ በዪ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ነው፤ ከተማውን ቀይሮታል። ግን ታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደተጎዱ አይተናል። ባቡሩንም ተመልከቺ፤ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ መስመር በ2007 ተጀምሮ ሐዲድ ተዘርግቶም ሥራ ሳይጀምር ዓመታት አልፈዋል። ይመጣል ለተባለ ነገር ዛሬ ሙሉ ዋጋ አትክፈዪ።

በእግርሽ ስትሄጂ ደግሞ ያለ ደላላ ሂጂ። ጠዋትም ማታም ሂጂ፤ ከተቻለ ዝናብ ሲጥል። የእድሩን ሰብሳቢ ፈልጊ። አንድ ቤት ገብተሽ ቡና ጠጪ፤ አወሉ ላይ ሁሉም «ጥሩ ሰፈር ነው» ይልሻል፤ በረካው ላይ ማን ከማን ጋር በወሰን እንደሚካሰስ ትሰሚያለሽ። ጎረቤቶቹ በምን እንደሚሠሩም እዪ። ወረቀታቸውን የሚያምኑ ሰዎች በብሎኬት ይሠራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ነዋሪው ራሱ አልተማመነም ማለት ሊሆን ይችላል። አጥር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ምልክት ካየሽ ምን እንደሆነ ሳታጣሪ አትለፊ። የቆዩት ሰዎች እየሸጡ እየወጡ ከሆነም ምን ሰምተው እንደሆነ ጠይቂ።

ወደ ደሴው ቤት ልለፍ። እዚህ ያለው ችግር የሚፈታ ዓይነት ነው። «ልጆቹ ተስማምተዋል» የሚለው ቃል ግን በሕግ ፊት ምንም አይደለም። በመጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ያምጡ፤ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወይም ቤተሰቡ ከመረጠው ከሸሪዓ ፍርድ ቤት። ከዚያ ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ። እናታቸው በሕይወት ካሉ ግማሹ የእሳቸው የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ብቻ ፈርመው የሚሸጡት አይሆንም። ሕፃን ወራሽ ካለ ነገሩ በፍርድ ቤት በኩል ይለፍ። ከሻጮቹ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «ማናቸውንም ጉዳዬን ይፈጽም» የሚል ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ውክልናው አለመሻሩንም አረጋግጪ።

«ካርታው በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ» ካሉሽ በኮፒ አትዋዋዪ። ምትክ ካርታ ያውጡ፤ ማዘጋጃ ቤት ያለው ማህደር ይታይ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑም በውሉ ሰሞን በተጻፈ ደብዳቤ ይረጋገጥ፤ የዓምናው ደብዳቤ የዓምናን ነው የሚነግርሽ።

ሰፈሩ እየተለወጠ መሆኑ እዚህም የራሱ ጥያቄ አለው። ፎቅ በሚሠራበት ሰፈር ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ገዝተሽ እንደነበረ አድሼ እኖራለሁ ብትዪ ማዘጋጃ ቤቱ ይፈቅድልሻል? አንዳንድ ቦታ ላይ ዝቅተኛው የፎቅ ብዛት ይወሰናል፤ ከዚያ በታች መሥራት አይቻልም። ጎረቤት ውስጥ አጥር ወይም ጣሪያ ለማደስ ፈቃድ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ካለ ቦታው ለመልሶ ማልማት ታስቦ ይሆናል። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች የማን እንደሆኑም ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ የቀበሌ ቤቶች ከበዙ፣ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ያ ሰፈር ለልማት ቶሎ ይነካል ብዬ ነው የማስበው። በነገራችን ላይ የቀበሌ ቤት «ቁልፍ» ይሸጥልሻል የሚል ቢመጣ ሸኚው።

ሌላም ወጪ አለ። ቦታው ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከሆነ ልጆቹ በውርስ ሲይዙት እንዳለ ይቀጥላል፤ ለአንቺ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ወደ ሊዝ ይገባል። ምን ያህል እንደሚያስከፍልሽ ዋጋ ከመቁረጥሽ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ።

ከጦሳ ግርጌ ያልሽኝ ነገር አሳስቦኛል። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ያሏት ከተማ ናት። ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ፣ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ ሆዱን የነፋ የድንጋይ ግንብ ካየሽ መሐንዲስ ሳታሳዪ አትንኪው። ለዓይን ግልጽ ለሆነ ጉድለት በኋላ ሻጩን መክሰስ አይቻልም፤ «አይታ ነው የገዛችው» ይልሻል፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ኮምቦልቻም ቢሆን ቦርከና ዳር ያለ ቦታ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ነገር ግን ቤቱ በስሙ ከሆነ በሕግ ፊት ቤቱ የእሱ ነው። ሚስት ካለችው የጋራ ሀብታችን ነው ልትል ትችላለች። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት መነሻው የጋራ ነው። እሱ ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል። በዕዳው ቢከሰስ ቤቱ ይታገዳል። አንቺ የላክሽው የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ እንደላክሽ ያሳያል እንጂ ቤቱ የማን እንደሆነ አያሳይም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሄድሽ በፊት ውልና ማስረጃ ቀርበሽ ቤት እንዲገዛልሽና በስምሽ እንዲያዛውር ግልጽ ውክልና ስጪው። ጅዳ ከሄድሽ በኋላም በቆንስላው በኩል ይቻላል። ገዢዋ አንቺ ነሽ፤ እሱ ስለ አንቺ ይፈርማል። ወንድምነቱን የሚጎዳ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ያድነዋል።

ቅዳሜ ቀብድ አትክፈዪ። ቀብድ በሕጉ ክብደት አለው፤ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ያጣዋል፣ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ካርታ ለሌለው ቤት የሰጠሽውን ቀብድ ለማስመለስ ግን ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። ውሉ ሲደርስ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ውልና ማስረጃ ፊት ይመዝገብ። ዋጋውን ለግብር ብለው አሳንሰን እንጻፍ ቢሉሽ እምቢ በዪ፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚመለስልሽ የተጻፈው ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ክፍያ ስሙ የሚዛወርበት ቀን አቆዪው።

በእኔ ሚዛን የኮምቦልቻው ቤት ካርታው እስኪወጣ ድረስ ለግዢ የሚቀርብ አይደለም። የደሴው ግን መሬቱ ካልተንሸራተተ፣ ወራሾቹም ተሟልተው ከቀረቡ መደራደር የሚቻልበት ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት የሟቹን ካርታ ኮፒ ተቀበዪና መጀመሪያ ፕላን ክፍል ሂጂ።