ለጉዞ ባልተሠራ ብስክሌት ላይ የዕቃ መጫኛ መግጠም

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ለሥራም ለሽርሽርም የምነዳው የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው የተራራ ብስክሌት አለኝ። ለዘንድሮው ጥምቀት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ለመሄድ አስበናል። 20 ኪሎ ያህል ዕቃ መያዝ ብፈልግም ፍሬሙ ላይ የዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለም። የኋላ ፍሬኑ ባለ ዲስክ ሲሆን ጎማው በዳዶ ይታሰራል። አንድ ጠጋኝ መጫኛውን የሚይዝ ጆሮ ፍሬሙ ላይ ልበይድልህ ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ብየዳውን ይተዉት። ብዙው የአሉሚኒየም ፍሬም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካው ውስጥ ከተበየደ በኋላ በሚደረግለት የሙቀት ማጠንከሪያ ስለሆነ፣ ዳግመኛ እሳት የነካው ቦታ ለስልሶ ይቀራል፤ ስንጥቁም ብቅ የሚለው በብየዳው ዕለት ሳይሆን ጭነትና ንዝረት ከበዛበት በኋላ ነው። ፍሬሙ ብረት ቢሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር፤ ማግኔት የሚስበው ብረት ከሆነ ጥሩ በያጅ ትንሽ ጆሮ ቢቀጥልበት አይጎዳም።

የመጫኛው ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በሁለቱ እግሮቹ በኩል ወደ ኋላ ጎማው አክስል ይወርዳል፤ ከላይ ወደ ኮርቻው የሚዘረጉት ክንዶች ሥራ መጫኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊያሳስብዎ የሚገባው የታችኛው እስር ነው። ብዙ ሰዎች ውስጡ ጎማ የለበሰ ቀለበት በኋላ ቱቦዎች ላይ አጥብቀው እግሮቹን እዚያ ላይ ያስራሉ። ይህ ለልብስና ለምሳ ዕቃ ይበቃል፤ 20 ኪሎ ሲጫንበት ግን ኮረኮንች ላይ ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚንሸራተት ለእርስዎ ጉዞ አንመርጠውም።

የእርስዎ ጎማ በዳዶ መታሰሩ ሥራውን ያቀልለዋል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ሁለት ቁራጮች ያስቆርጡ፤ በአንደኛው ጫፍ አክስሉ የሚያልፍበት፣ በሌላኛው ጫፍ የመጫኛው እግር ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳላቸው። ላሜራው ከፍሬሙ ውጭ፣ ከሮንዴላውና ከዳዶው ሥር ይገባል። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ላሜራው በረዘመ ቁጥር መታጠፉ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የአክስሉ ጥርስ በዳዶው ሙሉ ውፍረት አልፎ መታየት አለበት። ካልታየ አክስሉ አጥሯልና ረጅም ይግዙለት፤ በግማሽ ጥርስ በተያዘ ጎማ ከከተማ መውጣት ዕብደት ነው። በካቴናው በኩል ደግሞ ካቴናውን ትንሿ ጥርስ ላይ አውርደው ፔዳሉን እያዞሩ የቡሎኑ ጫፍ እንደማይነካው ያረጋግጡ።

በግራ በኩል የዲስክ ፍሬኑ መያዣ የመጫኛውን እግር ሊጋፋው ይችላል። በቡሎኑ ላይ አጭር ቧንቧ አልብሶ እግሩን ወደ ውጭ ማራቅ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው በረዘመ መጠን ቡሎኑን የሚያጎብጠው ኃይል ስለሚጨምር፣ ሰፊ ክፍተት ካስፈለገ ለዲስክ ፍሬን ተብሎ እግሩ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ መጫኛ መፈለግ ይሻላል። የላይኛዎቹን ክንዶች በተመለከተ፣ የኮርቻውን ዘንግ የሚያጠብቀውን ቀለበት የቡሎን ቀዳዳ ባለው መተካት፣ ካልተገኘም ውስጡን የካላማዳሪያ ቁራጭ ያለበሱትን የላሜራ ቀለበት በቱቦዎቹ ላይ ማሰር ይበቃል።

የተራራ ብስክሌት የኋላ ክፍል ለጉዞ ከሚሠራው ያጠረ በመሆኑ፣ ፔዳል ሲመቱ ተረከዝዎ የጎን ቦርሳውን ይመታ ይሆናል። መፍትሔው ቦርሳውን ጥቂት ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፤ ሆኖም የክብደቱ መሐል ከአክስሉ በስተ ኋላ በጣም ከሄደ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው መዋለል ይጀምራል። ይህ በፎገራ ሜዳ ላይ እምብዛም አይታወቅዎትም፤ ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ሲመጣ ግን ያስቸግርዎታል። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ወደ ታችና ወደ ፊት፣ እንቅልፍ ልብሱን ከላይ ያድርጉ። መጫኛው ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብም ያንብቡ፤ ብዙዎቹ እስከ 25 ኪሎ ይፈቅዳሉ፣ ርካሾቹ ግን ከዚያ ያነሰ። ውኃው ሁለት ሊትር ከሆነ ሁለት ኪሎ ነውና መጫኛው ላይ ሳይሆን በፍሬሙ መሐል ይሁን።

ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ በንዝረት በቀላሉ ስለማይላላ ለመጫኛው ቡሎኖች እሱን ይምረጡ፤ ያም ሆኖ ሐሙሲት ሲደርሱ ቁልፍ አውጥተው ሁሉንም አንድ በአንድ ይፈትሹ። ዕቃ በካላማዳሪያ ማሰር የቆየና የሚያስተማምን ዘዴ ነው፤ የተንጠለጠለው ጫፍ ግን የጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ወደ ውስጥ ይሸጎጥ።

ጥያቄ፦ የኔ ብስክሌት ከኋላም ሞላ አለው። ከዘጌ ቡና ለማምጣት ከኮርቻው ዘንግ ጋር ብቻ የሚታሰር መጫኛ ይሆነኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ለእርስዎ ብስክሌት ተስማሚው እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም አንድ ጫፉ ከሚንቀሳቀሰው፣ ሌላው ከማይንቀሳቀሰው የፍሬም ክፍል ጋር የሚታሰር ተራ መጫኛ ሞላው በተጨመቀ ቁጥር ይታጠፍና በመጨረሻ ይሰበራል። የዚህ ዓይነቱ መጫኛ ገደብ በአብዛኛው ከ10 ኪሎ አይበልጥም፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ሸክሙ እንደሚበረታ አስበው ቡናውን ከዚያ ዝቅ ያድርጉት። ከመነሳትዎ በፊት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሞላውን እስከ መጨረሻው ይጫኑትና መጫኛው ጎማውን እንደማይነካ ይመልከቱ። የኮርቻው ዘንግ ካርቦን ከሆነ ግን አይሠሩት፤ ቡናውን በጀርባ ቦርሳ ይያዙት።