ባሌ ኩላሊቱ ላይ ሲስት ተገኘበት፣ ልጅም አልመጣልንም፣ አኩፓንክቸር ይሻለን ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። 31 አመቴ ነው፣ ከተጋባን ሶስት አመት አለፈን፣ እስካሁን አላረገዝኩም። የባሌ አባት በኩላሊት ነው የሞቱት፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አሁን አዲስ አበባ እጥበት ላይ ነው። በቅርቡ ባሌ ጎኔን አመመኝ ብሎ አልትራሳውንድ ሲነሳ ሁለቱም ኩላሊቱ ላይ ብዙ ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ታየ፣ በዘር የሚመጣ ፖሊሲስቲክ ኪድኒ ነው አሉት፣ ግፊቱም 150/95 ሆነ። አማቴ «ልጄ ምንም የለበትም፣ መታየት ያለብሽ አንቺ ነሽ» ይሉኛል። አንዷ ዘመዳችን ደግሞ አዲስ አበባ አኩፓንክቸር (ቀጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚወጋበት የቻይና ህክምና) የሚሰራ ሰው አለ፣ ለመካንነትም ለኩላሊትም ይሆናል፣ የቅጠል ዱቄትም ይሰጣል አለችን። ያጠራቀምናትን ብር ለሱ እናውጣ? ለዚህ በሽታ ውጪ ሀገር አዲስ መድሃኒት ተገኘ የሚባለውስ? ባሌ ለወንድሜ ኩላሊት እሰጣለሁ እያለም ነው።
ስሜ ይቆይ፣ ከቦርከና ማዶ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። በአንድ ደብዳቤ ስንት ጉዳይ ነው የላክሽልን፣ እኔ ግን ከብሩ ልጀምር። ለአኩፓንክቸሩ ሰባራ ሳንቲም ሳትከፍሉ በፊት ባልሽ የስፐርም ምርመራ ያድርግ። ሶስት አመት ሙሉ እሱን በዚህ በኩል ማንም እንዳየው አልጻፍሽም፣ እኛ ጋ ደግሞ ይሄ የተለመደ ነው፣ ሴቷ የቱቦ ራጅ ተነስታ ሆርሞኗን ተሰርታ ጸበሉንም ዱአውንም አዳርሳ ስታበቃ ወንዱ ገና አንዲት ብልቃጥ ናሙና አልሰጠም። አማትሽ የተናገሩት እንደ እናት ነው፣ እናት ሌላ ምን ትላለች፣ ግን አልትራሳውንዱ እኮ አለበት ብሏል።

ያንቺ ባል ደግሞ ለመመርመር ተጨማሪ ምክንያት አለው። ይሄ በሽታ ኩላሊት ላይ ብቻ አይቆምም፣ ጉበት ላይ ሲስት ያወጣል፣ ወንዶች ላይ የዘር ፈሳሽ የሚያመነጩት ከረጢቶች ላይም ይወጣል፣ የስፐርማቸው እንቅስቃሴ ደክሞ የተገኘባቸውም አሉ። መካን ነው ማለት አይደለም፣ አባቱ ያው በሽታ ይዞአቸው እሱንም ወንድሙንም ወልደዋል! ግን ሳይታይ ዝም ብሎ ጤነኛ ነው ማለትም አይቻልም።

ምርመራው ቀላል ነው፣ የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ግንኙነት ሳታደርጉ መቆየት አለባችሁ፣ ናሙናው ሲሰጥ ሳሙናም ቅባትም አይነካም፣ በተራ ኮንዶም አይሰበሰብም፣ በአንድ ሰአት ውስጥ ደግሞ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ደሴ የምትሰሩት ከሆነ እዛው ላብራቶሪው ጋ ሄዶ ይስጥ፣ ኮምቦልቻ ቤቱ ሰጥቶ ብልቃጡን ይዞ ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያ ቆሞ ከዛ ሐረጎን ሲጠማዘዝ ሰአቱ ያልቃል፣ የደሴ ብርድም አለ፣ ከዛ «ስፐርሙ አይንቀሳቀስም» ተብሎ ቤተሰብ ይታመሳል። የመጀመሪያው ውጤት ጥሩ ካልሆነም በሱ ብቻ አይፈረድም፣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ይደገማል። አንቺም ጎን ለጎን ታዪ፣ አንድ አመት ሞክሮ ያልመጣለት ጥንድ አብሮ ነው የሚመረመረው። በአይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከሰውነት ውጪ አገናኝቶ ማህጸን ውስጥ በማስገባት) ካልሆነ አይሆንም ከተባለ ደግሞ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የመንግስት ማእከል አለ።

አሁን ወደ መርፌው። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2002 (ዓ.ም ያላልኩት አመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) ጀርመን ውስጥ አይቪኤፍ የሚያደርጉ 160 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከተወጉት 42.5 በመቶ፣ ካልተወጉት 26.3 በመቶ አረገዙ ተባለ፣ ከዛ በኋላ አለም ሁሉ መርፌ መርፌ አለ። ችግሩ ያልተወጉት ያልተወጉ መሆናቸውን ያውቃሉ። በ2018 ግን አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ 848 ሴቶች ተወሰዱ፣ ግማሾቹ እውነተኛውን አኩፓንክቸር ሌሎቹ ደግሞ ቆዳ የማይበሳ የውሸት መርፌ ተደረገላቸው፣ በህይወት የተወለደ ልጅ ያገኙት 18.3 በመቶና 17.8 በመቶ ሆነ። ያው ነው በቃ። ጭንቀት ያቀልልኛል የምትል ሴት ካለች ብሩ ካላት ትሞክር፣ መርፌው አዲስና አንዴ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን አይታ፣ አለበለዚያ ሄፓታይተስ ይዛ ትመለሳለች። እናንተ ግን ያላችሁ ብር ለምርመራ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ዱቄቱን ግን በፍጹም! መርፌው ቢበዛ ብር ነው የሚወስድባችሁ፣ ዱቄቱ ኩላሊት ሊወስድ ይችላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የሄዱ በርካታ ሴቶች የቻይና ቅጠል ተቀላቅሎበት የተሰጣቸውን ወስደው ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ ውስጡ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ነበር። እነሱ እንግዲህ ጤነኛ ኩላሊት ይዘው የገቡ ናቸው። ባልሽ ስሙና መጠኑ ያልተጻፈበት ዱቄት ከማንም አይቀበል፣ የኛ ሀገር ቅጠልም ቢሆን። ጎኑን ባመመው ቁጥር ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እየገዛ ከሆነም ያቁም፣ እነዚህ ማስታገሻዎችም ኩላሊት ይጎዳሉ።

አዲስ መድሃኒት ያልሽው እውነት ነው፣ ቶልቫፕታን ይባላል። 1,445 ታማሚዎች ላይ ሶስት አመት ተሞክሮ በ2012 ውጤቱ ወጣ፣ የወሰዱት ሰዎች ኩላሊት በአመት 2.8 በመቶ ሲያብጥ ያልወሰዱት 5.5 በመቶ አበጠ። ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አያድንም፣ ደግሞ ቀን ከሌት ሽንት ያመላልሳል፣ ጉበት ስለሚጎዳም በየወሩ ደም መመርመር ይጠይቃል። ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የኩላሊት ስፔሻሊስት ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ትልቅ ነገር ግፊቱ ነው። 2014 ላይ የወጣው ሃልት የሚባለው ጥናት ገና ኩላሊታቸው በደንብ የሚሰራ ወጣት ታማሚዎችን ግፊት ከ110/75 በታች አድርጎ ሲይዝ የኩላሊቱ እብጠት ፍጥነት በ14 በመቶ ቀነሰ። የባልሽ 150/95 ግን ተትቶ የሚታደር ቁጥር አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ህክምና ይጀምር፣ ምን ድረስ እንደሚወርድ ሀኪሙ ይወስናል፣ ክሪያቲኒኑንም (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሰራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ይለካ፣ ወጡ ላይ ጨው ይቀነስ። ውሃ በገፍ ጠጣ የሚሉት ካሉ ደግሞ እሱም ተጠንቷል፣ 184 ሰዎች ላይ ሶስት አመት፣ የሲስቱን እድገት አላቆመውም፣ እስኪረካ ይጠጣ ያ ይበቃል። ጥናት ውስጥ እናስገባችኋለን ብሎ መመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ተጠራጠሩት፣ የምርምር መድሃኒት የሚሰጥ ደህና ጥናት ተሳታፊውን የመድሃኒት ዋጋ አያስከፍልም፣ የፈቃድ ወረቀትም አስነብቦ ነው የሚያስፈርመው።

ለወንድሙ ኩላሊት መስጠት አይችልም፣ ሀሳቡ የወንድም ነው ግን የራሱም ኩላሊት ታማሚ ነው። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ጳውሎስ ንቅለ ተከላ ሲሰራ የሚወስደው ከዘመድ ስለሆነ እዚህ ቤተሰብ ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ እህት ወንድም ሁሉ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይነሳ። ከ40 አመት በታች ያለ ሰው ንጹህ ነህ ቢባል እንኳን ለመለገስ ከሆነ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይጨመርበታል። ልጆቻችሁን በተመለከተ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወንድም ሴትም ይወርሳል፣ የመጀመሪያው ወረሰ ማለት ሁለተኛው ይድናል ማለት አይደለም። ይሄን አውቀው የሚወልዱ ብዙ ናቸው፣ ውሳኔው የናንተ የሁለታችሁ ነው፣ የአማትሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በወቅቱ የማይወጣበት ችግር) አለብሽ ተብዬ ክሎሚፊን የሚባል እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ ኪኒን ታዘዘልኝ፣ አኩፓንክቸር ልጨምርበት? ኩላሊቴንስ ይይዘኛል?

መልስ፦ ኩላሊትሽን አይነካም፣ ከላይ ካለችው እህታችን ባል በሽታ ጋር አይገናኝም። ያንቺ ጥያቄ ደግሞ በቀጥታ ተጠንቷል፣ ቻይና ውስጥ እራሱ፣ አኩፓንክቸር የተወለደበት ሀገር! እንዳንቺ ያሉ 1,000 ሴቶች፣ ውጤቱ 2017 ወጣ። ክሎሚፊን ከወሰዱት 28.7 በመቶ ሲወልዱ ካልወሰዱት 15.4 በመቶ፣ መርፌው ግን ከውሸቱ መርፌ ምንም አልተለየም። ኪኒንሽን ዋጪ፣ መንታ ሊመጣ ስለሚችል ያለ ክትትል አትውሰጂ፣ ሀኪምሽንም ለዚሁ ስለሚሰጠው ሌላ ኪኒን ስለ ሌትሮዞል ጠይቂ፣ 2014 ላይ ከክሎሚፊን ጋር ሲወዳደር የወለዱት በሌትሮዞል 27.5 በመቶ፣ በክሎሚፊን 19.1 በመቶ ነበሩ።