«ሽንቷ ወደ ኩላሊቷ ይመለሳል አሉኝ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ደምበጫ ነው። የአምስት ዓመት ልጄ በየጊዜው ያተኩሳታል፤ ስትሸናም ታለቅሳለች። መጀመሪያ ምች መስሎን ዳማከሴ አሸንላት፤ የወባ ምርመራም ነጻ ናት አለ። ባሕር ዳር ወስደናት በራጅ ሲታይ ሽንቷ ወደ ኩላሊቷ እንደሚመለስ፣ ደረጃውም ሁለት እንደሆነ ተነገረን። ማታ ማታ ኮትሪሞክሳዞል የተባለ ፀረ ተዋሲያን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሆኖም አሁንም አገረሸባት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት ይሆን? የሚጠባ ታናሽ ወንድምም አላት።

መልስ፦ እህቴ፣ ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ይቆጠራል፤ ሁለት ከቀላሎቹ ነው። ሽንት ከኩላሊት የሚያወርደው ቧንቧ የፊኛውን ግድግዳ አግድም ሰንጥቆ ይገባል፤ ፊኛው ሲሞላ ተጭኖ ይዘጋዋል። ይህ መግቢያ አጭር ሲሆን ሽንቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ልጅ ሲያድግ መግቢያውም ይረዝማል፤ በዚህ ደረጃ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ያለ ቀዶ ጥገና ይድናሉ።

የማታውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 607 ልጆች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት የሽንት ኢንፌክሽን ማገርሸቱን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጨርሶ ግን አያስቀርም።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ፤ ሆዷ ይደርቃል? የደረቀ ሰገራ ፊኛውን ስለሚጫነው ሽንት አይሟጠጥም፤ በቀረው ውስጥ ተዋሲያን ይራባሉ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ አዝናለሁ። ትምህርት ቤት ከዋለችም የሽንት ቤቱን ሁኔታ ይዩት፤ ብዙ ሴት ልጆች ተጸይፈውት ቤታቸው እስኪደርሱ ሽንታቸውን ይይዛሉ። መምህሯ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እንድትልካት ይለምኗት። ውኃ በደንብ ትጠጣ፤ ጎመንና ባቄላ ከገበታዋ አይጥፋ። ድርቀቱ ካልለቀቃት ሐኪም ማለስለሻ ያዝላታል።

ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተው እንዳይሰጧት አደራ! አንድ ጊዜ እንኳ ከዋጠች ካልቸሩ (ተዋሲውን ከሽንት አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ተዋሲውን ላያገኘው ይችላል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ሳይታወቅ ይቀራል። ሽንቷን ለምርመራ ሲወስዱ አስቀድመው ያጥቧት፤ የመጀመሪያው ሽንት ይፍሰስና መካከለኛውን በንጹሕ የላቦራቶሪ ዕቃ ይቀበሉ። ሕክምናው ሲዘገይ ኩላሊቷ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ ጠባሳው ውሎ አድሮ የደም ግፊት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮዋ ግፊቷ ይለካ።

ችግሩ በእህትማማችና በወንድማማች ላይም ይታያል። ታናሽየው ካተኮሰው የእህቱን ሕመም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የእሱም ሽንት ይመርመር።