የስፓም ማጣሪያ መቼ ነው የሚነቃው? ጥያቄና መልስ ከድሬ

ከዚራ ያለ አንድ ቢሮ የሜይል ሰርቨር እይዛለሁ። ስለ ስፓምአሳሲን፣ ማለትም ለሜይል ነጥብ እየሰጠ ስፓሙን (ያልተፈለገውን ሜይል) ስለሚለየው ፕሮግራም፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ትናንት ሃያ ስፓም አስተማርኩት። ዛሬም ያው ነው። ሰርቨሩን ላስነሳው?

መልስ፦ አቦ፣ አትድከም። የተማረውን ወዲያው ይይዘዋል፣ ማስነሳት አያስፈልግም። የጎደለህ ቁጥር ነው። ቤይስ የሚባለው፣ ካስተማርከው ሜይል ቃላት ተነስቶ የሚገምተው ክፍል፣ 200 ስፓምና 200 ደህና ሜይል እስኪማር ድረስ ነጥብ አይሰጥም። ሁለቱም መሙላት አለባቸው። ብዙ ሰው ስፓሙን ብቻ ይመግበውና ደህናውን ይረሳዋል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ ጋሼ፣ የስፓም መነሻውን (ሜይሉ ስፓም የሚባልበትን ነጥብ) ከ5 ወደ 4 አወረድኩት። ለውጥ የለም።

መልስ፦ ዋናውን የቅንብር ፋይል ነክተህ ከሆነ ስፓምዲን (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራውን የስፓምአሳሲን አገልግሎት) አስነሳው፤ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ ነው። ከዚያ በፊት ግን በሊንት (በራሱ የቅንብር መፈተሻ ትእዛዝ) ፈትሸው፣ የፊደል ስህተት ካለ ይነግርሃል። ሜይሉን ተቀብሎ በስፓምአሳሲን የሚያስፈትሸውን አማቪስ የሚባል ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ መነሻው የሚወሰነው በራሱ በአማቪስ ቅንብር ነው፤ እዚያ ቀይረህ አማቪስን አስነሳ። ስታስተምርም በአማቪስ ተጠቃሚ ስም ይሁን። በሩት (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ስም) ካስተማርከው ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ ሁለት ሳምንት የባከንኩት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ የጅቡቲው ትራንዚተራችን በፈረንሳይኛ የሚልከው ሰነድ ስፓም ውስጥ ይገባል። ስንቴ እናስተምረው?

መልስ፦ ይሄ አሳዘነኝ። ሰነዱ ስፓም ውስጥ ተኝቶ ዕቃችሁ ወደብ ላይ ይቆማል። እንደምገምተው፣ እስከዛሬ ደህና ብላችሁ ያስተማራችሁት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው። የፈረንሳይኛው ሁሉ ስፓም ነበር። ስለዚህ «ቦንዡር» (ሰላምታ) እና «ፋክቱር» (ደረሰኝ) ሲያይ ይጠረጥራል። አንዱን ሜይል ደጋግሞ ማስተማር አይጠቅምም፣ አንዴ የተማረውን አይቆጥረውም። በስህተት ስፓም ተብሎ የተማረውን ግን ደህና ነው ብላችሁ ብታስተምሩት የድሮውን ሰርዞ አዲሱን ይይዛል። ኢንቦክስ ውስጥ ያሉትን የትራንዚተሩን ሜይሎች በሙሉ ስጡት። ዋናውን ሜይል እንጂ ፎርዋርድ የተደረገውን አይደለም፤ ሄደሩ (የላኪውና የመንገዱ መረጃ ያለበት የሜይሉ ራስጌ) ይለወጣልና። እስኪለምድ ትራንዚተሩን የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። በአድራሻው ብቻ ግን አትመኑት፣ አድራሻ ማስመሰል ቀላል ነው። በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም (ሜይሉ በእርግጥ ከላኪው ዶሜይን መምጣቱን በሚያጣሩ መንገዶች) የሚረጋገጠውን ዓይነት ምረጡ። ይሄ ቅንብር ስለሆነ፣ በዋናው ፋይል ከጻፋችሁት ማስነሳት አለበት።

ጥያቄ፦ አዲስ የማጣሪያ ሕግ በኤስኤ-አፕዴት (በስፓምአሳሲን የማዘመኛ ትእዛዝ) ባወርድስ?

መልስ፦ ማውረዱ ብቻ አይበቃም፣ ማስነሳት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንቦክስ ውስጥ የቆዩት ስፓሞች ከስልጠናው በኋላ ለምን አልወጡም?

መልስ፦ ማጣሪያው ሜይሉን የሚመዝነው ሲገባ ነው። የገባውን ተመልሶ አያየውም። እነሱን በእጅሽ ወደ ስፓም ፎልደር አውጪያቸው፣ ከዚያው ለስልጠና ይሆኑሻል።