የቱርቦው ግፊት ሲያንስ፦ ዘንጉን ከማጥበቅዎ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው የሚያሽከረክሩት መኪና 1.8 ሊትር የሆነና ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ነው። በአምራቹ መመሪያ መሠረት የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የቱርቦው ግፊት 0.8 ባር መድረስ ሲገባው፣ እርሳቸው የገጠሙት ጌጅ 0.5 ባር ላይ ደርሶ እዚያው ይቆማል፤ የሞተር መብራትም በርቷል፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብም ፒ0299 የሚለው የግፊት ማነስ ኮድ ይወጣል። አንድ ወዳጃቸው የአክቹዌተሩን (የቱርቦውን ግፊት የሚገታውን መዝጊያ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል) ዘንግ ዳዶ ሦስት ዙር ቢያጠብቁት ግፊቱ እንደሚስተካከል መክረዋቸዋል።

ከመንካትዎ በፊት በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ምክሬም ዘንጉን ለጊዜው እንዳለ እንዲተዉት ነው። በጻፉት ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ «እዚያው ይቆማል» ያሉት ነው፤ ግፊቱ የሚያንስበት መንገድ ብዙ ቢሆንም፣ አንድ ቁጥር ላይ ደርሶ ሳይወርድ ሳይወጣ የሚቆም ግፊት ግን የሚጠቁመው ቦታ ጠባብ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የቱርቦውን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም በዚያው ሻፍት ላይ በተገጠመው ኮምፕሬሰር አማካይነት አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ብዙ ጭስም ይወጣል፤ ይህ ያለ ልጓም ቢተው በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው ሻፍት ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል፣ ሞተሩም ሊሸከመው የማይችለው ግፊት ይደርስበታል። ልጓሙ ዌስትጌት የሚባለው መዝጊያ ነው፤ ሲከፈት ከጭሱ ከፊሉ ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ማርሚታው ያልፋል። መዝጊያውን የሚከፍተው አክቹዌተር በውስጡ የጎማ ዲያፍራምና ሞላ ያለው ትንሽ ጣሳ ሲሆን፣ ከኮምፕሬሰሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ግፊት የሞላውን ጉልበት ሲያሸንፍ ዘንጉን ገፍቶ መዝጊያውን ይከፍታል።

እንግዲህ ሞላው ብቻውን የሚወስነው መነሻ ግፊት አለ፤ የእርስዎን በመሰለ ሞተር ላይ ይህ መነሻ ከሙሉው ግፊት በግልጽ ያነሰ ነው። ከመነሻው በላይ ያለውን የሚጨምረው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ሦስት አፍ ያለውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር መክፈቻና መዝጊያ) በማዘዝ፣ ወደ አክቹዌተሩ ከሚሄደው ግፊት ከፊሉን ወደ አየር ፊልትሮው በኩል ወዳለው የመግቢያ ቱቦ በመመለስ ነው። አክቹዌተሩ ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ስለሚደርሰው መዝጊያውን ዘግይቶ ይከፍታል፣ ግፊቱም ወደ 0.8 ይወጣል። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ላይ ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ካላገኘ መንገዱ ከኮምፕሬሰሩ በቀጥታ ወደ አክቹዌተሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ሆን ተብሎ ለሞተሩ ደኅንነት የተደረገ ነው። ስለዚህ 0.5 ላይ የሚቆመው ግፊትዎ ሞላውና ዘንጉ ሥራቸውን እየሠሩ መሆናቸውን፣ ሥራውን ያቆመው ሶሌኖይዱ ወይም እርሱን የሚያገናኝ ሽቦ ወይም ቱቦ መሆኑን አጥብቆ የሚያመለክት ነው። የተቀደደ የአየር ቱቦ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ዘግይቶ ይነሣና የፉጨት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሞላው የደከመ ወይም ካታሊስቱ (በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) የተደፈነ ቢሆን ደግሞ የሞተሩ ዙር እየጨመረ ሲሄድ ጌጁ ቀስ በቀስ ሲወርድ ያዩ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ። ብዙ ኮምፒውተሮች ስሕተት ካገኙ በኋላ ሞተሩን ለመጠበቅ ሲሉ ሶሌኖይዱን ማዘዝ ያቆማሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚያዩት 0.5 የበሽታው ምልክት ሳይሆን ኮምፒውተሩ የወሰደው የጥንቃቄ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተመዘገቡትን ኮዶች ሁሉ ጽፈው ይያዙ፣ ያጥፏቸው፣ ከዚያም መንገዱ ነጻ በሆነ ቦታ በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ጀምረው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡና የመጀመሪያውን ንባብ ያስተውሉ፤ ጌጁን የሚያነብ ሌላ ሰው አብሮዎት ቢኖር ይመረጣል። የመመርመሪያ መሣሪያው ካለዎት የገጠሙትን ጌጅ ትክክለኛነትም በዚያው ያረጋግጡ። የመኪናው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የከባቢውን አየር ግፊት ጨምሮ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በባሕር ጠለል ላይ ወደ 100 ኪሎ ፓስካል፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይነበባል፤ ይህን ከሙሉው ንባብ ሲቀንሱ የሚቀረው ከጌጅዎ ጋር መመሳሰል አለበት።

ከዚያ ወደ ሶሌኖይዱ ይሂዱ። ሦስቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሙቀት ያደረቀው ጎማ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ከሥሩ የተሰነጠቀ ይሆናል። በተለይ ወደ መግቢያው የሚመልሰውን ቱቦ ይፈትሹ፤ እርሱ ከተደፈነ ወይም ከታጠፈ ሶሌኖይዱ ጤነኛ ቢሆንም ግፊቱን የሚያስወጣበት ስለሌለው ውጤቱ እርስዎ እንዳዩት ይሆናል፤ ይህን ሳያዩ አዲስ ሶሌኖይድ የገዙ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቀጥለው ሶኬቱን ነቅለው በሶሌኖይዱ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል የኤሌክትሪክ መቋቋም በመልቲሜትር ይለኩ፤ የሚጠበቀው ቁጥር በመመሪያው ላይ ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜም በአሥር ቤት የሚቆጠር ኦም ነው። ከዚህ ይልቅ ምንም ግንኙነት ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል። 12 ቮልት ለአፍታ ሲሰጡትም ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማትና የአየሩን መንገድ መቀየር ይኖርበታል፤ ይህንንም በአፍ በመንፋት በቀላሉ ያረጋግጣሉ።

ሶሌኖይዱ ደህና ከሆነ የአየር መንገዱን ልቅነት ይፈትሹ። የኮምፕሬሰሩን መግቢያ በተገቢ መድፈኛ ዘግተው፣ በግፊት መቆጣጠሪያ በኩል ከ0.5 ባር ያልበለጠ አየር ያስገቡና መጋጠሚያዎቹን፣ ኢንተርኩለሩንም (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ክፍል) ጭምር፣ በሳሙና ውኃ ይቀቡ። መድፈኛው ሊፈናጠር ስለሚችል ፊትዎን ከአቅጣጫው ያርቁ።

ወዳጅዎ የመከሩትን ቢያደርጉ ምን ይሆናል? መብራቱ ሊጠፋ ይችላል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ከዓመታት በፊት ዘንጉ በዚሁ መንገድ የጠበቀ መኪና ወደ እኔ መጥቶ ነበር። እውነተኛው ብልሽት የላላ የሶሌኖይድ ሶኬት ነበር፤ አንድ ቀን ሶኬቱ በንቅናቄ መልሶ ሲገናኝ ሶሌኖይዱ የራሱን ድርሻ በጠበቀው ሞላ ላይ ጨመረበት፣ ግፊቱም ከልክ አለፈ፣ ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት እየፈነዳ ሞተሩን አንኳኳው፤ ስንከፍተው የአንዱ ፒስተን የቀለበት ማረፊያ ተሰብሮ አገኘነው። ባለቤቱ ሊያድነው የፈለገው የአንድ ሶኬት ጥገና ነበር፣ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ዘንጉን ማስተካከል ተገቢ የሚሆነው አክቹዌተሩ ወይም ቱርቦው ሲቀየር፣ አለበለዚያም ሌላ ሰው እንዳዛባው ሲረጋገጥ ነው። በዚያን ጊዜም በመጀመሪያ ቱቦውን ነቅለው ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ ለአክቹዌተሩ ቀስ እያሉ ግፊት ይስጡት፤ ዘንጉ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቁጥር ይመዝግቡ፣ ግፊቱንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ከወረደ ዲያፍራሙ ተቀድዷልና ማስተካከል ዋጋ የለውም። ካልወረደ የዳዶውን የቀድሞ ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ዘንጉን ከመዝጊያው ክንድ ያላቁት፣ ከዚያም ጫፉን ብቻ ያዙሩ፤ ዘንጉ ራሱ ከዞረ ዲያፍራሙን ጠምዞ ይቀደዋል። ዘንጉ ሲያጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲረዝም ይቀንሳል። በብዙዎቹ ላይ አንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚያንቀሳቅስ ከግማሽ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አይሂዱ፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም እንደገና ይለኩ። ሦስት ዙር ማለት 3 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ያህል ያጠረ ዘንግ መዝጊያው እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት ስለሚያግደው ከፍተኛ ዙር ላይ ግፊቱን የሚገታው ነገር ይጠፋል።

የእርስዎ ሶሌኖይድ ወይም ቱቦ ተጠግኖ ኮዱ ከጠፋ በኋላ የሦስተኛ ማርሹን ሙከራ ይድገሙት። ጌጁ 0.8 ላይ ደርሶ ከጸና ሥራው አልቋል። ከ0.8 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ወዲያውኑ እግርዎን ከፔዳሉ ላይ ያንሡና ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደው ቱቦ ተነቅሎ ወይም ተቀድዶ እንደሆነ ይመልከቱ።