መልስ፦ የተጓዦች ማህበረሰብ ከ10 ዓመት በኋላ የት ይደርሳል?

ሰላም ወንድሜ፣ እንደ ካውችሰርፊንግ ያሉ በኢንተርኔት እየተገናኙ መንገደኛን በነጻ የሚያሳድሩ ማህበረሰቦች ከ10 ዓመት በኋላ ይኖራሉ ወይ ላልከው፣ እኔ ይኖራሉ ባይ ነኝ፣ ግን እያነሱና እየተበታተኑ ነው የሚሄዱት። የካውችሰርፊንግን ጉዞ እየው፣ በፈረንጆቹ 2004 ሲጀምር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነበር የቆመው፣ 2011 ላይ ለትርፍ የሚሰራ ድርጅት ሆነ፣ 2020 ላይ ደግሞ ኮሮና ሰዉን ቤት ዘግቶበት ሳለ በብዙ አገር ያሉ አባላት ካልከፈሉ አትገቡም ተባሉ። ብሩ እኮ ትንሽ ነው። ግን አልጋ አንጥፎ ቡና አፍልቶ ከተማ የሚያዞር ሰው ጭራሽ አንተም ክፈል ሲባል ቅር ይለዋል፣ መጀመሪያ ጥሎ የሚወጣውም እሱ ነው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ እንግዳው ማን ጋ ይደር?

እኔ አዲስ አበባ እንግዳ ስቀበል መጀመሪያ አካባቢ የሚጽፉልኝ ሰዎች ፕሮፋይሌን አንብበው፣ ስለ ሰፈሬ ጠይቀው ነበር፣ በኋላ ላይ ግን ስሜን እንኳ ሳይጠሩ ለሁሉም የሚልኩትን አንድ መስመር ኮፒ አድርገው "ነገ ማደር እችላለሁ?" ብቻ ሆነ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ የሚቆዩት የሚያስተሳስር ነገር ያላቸው ናቸው፣ ለምሳሌ ዋርምሻወርስ ለሳይክል ተጓዦች ነው፣ ቢዌልካምም ከ2007 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች በነጻ እየሰራ ነው። ቀሪው ወደ ዋትሳፕና ቴሌግራም ግሩፕ ይገባል። መገመት ከፈለግክ የአባላት ቁጥር አያታልልህ፣ በከተማህ ስንት አስተናጋጅ ለመልእክት መልስ እንደሚሰጥ ቁጠር።